አገር ስጠኝ!

«እንቆቅልህ!» «ምን አውቅልህ!»

ይህን ልውውጥ ሳይሰማ ያደገ አማርኛ ተናጋሪ አለ ብዬ አላስብም። ብርዱ ሰውን ሁሉ ወደ እሳት ዳር በሚሰበስብበት በጋይንት ደጋ፣ በንፋስ መውጫ፣ ማታ ማታ ቤተሰቡን ሲያወዳድር የኖረው ይኸው ነው። ዳኛም ስፖንሰርም የለው። መላሹ ካቃተው ጠያቂው «አገር ስጠኝ» ይላል። ያኛው አንዲት መናኛ መንደር ሰጥቶ ሊገላገል ይሞክራል። «አልፈልግም!» ሲባል ቢጨንቀው ጎንደርን ያህል ከተማ ያስረክባል። ባለድሉም ጎንደር ገብቶ እንዴት እንደበላ፣ እንዴት እንደጠጣ፣ ተሸናፊውን እንዴት ከደጅ እንዳስቀረው ፎክሮ ሲያበቃ መልሱን ይናገራል። ሲሄድ ውሎ ሲሄድ ቢያድር የማይደክመው ማነው? ወንዝ! በቃ። ጎንደር የተሰጠችው ለዚህ ነው። ባለአገሩም ጧት ሲነሳ ከተሸናፊው ወንድሙ ጋር እኩል ከብት ይነዳል።

እንግዲህ የጥያቄና መልስ መጨረሻው እንዲህ ነው፤ ይተነፍሳል። ቴሌቪዥን ያልወደደውም ይህንኑ ነው።

ቴሌቪዥን አገራችን የገባው በ1957 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ስምንት ዓመት ያህል ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 12 ቀን 1956፣ አሜሪካ ውስጥ «ትዌንቲ ዋን» የሚባል ውድድር ተጀመረ። የመጀመሪያው ምሽት ያለ ማጭበርበር ተካሄደ። ተወዳዳሪዎቹ ጥያቄውን እየሳቱ ተመልካቹን አሰለቹት። ጄሪቶል የተባለውን መድኃኒት የሚያስተዋውቀው ስፖንሰር ተቆጣ፤ እንዲህ ያለ ነገር እንዳይደገም አለ። አልተደገመም። አዘጋጁ ዳን ኤንራይት መልሱን አስቀድሞ ማደል ጀመረ፤ መቼ ማሰብ፣ መቼ ላብ መጥረግ እንደሚገባ ሳይቀር ያስጠና ነበር።

ከተወዳዳሪዎቹ አንዱ ኸርበርት ስቴምፕል ነው። በ1955 በምርጥ ፊልምነት ኦስካር ያገኘው የትኛው እንደሆነ ተጠየቀ። መልሱ «ማርቲ» ነው፤ ሰውየው ደጋግሞ ያየው፣ የሚወደው ፊልም። ግን እንዲሳሳት ታዞ ነበርና የሌላ ፊልም ስም ጠራ። ድሉ የተሰጠው ቻርልስ ቫን ዶረን በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ እንግሊዝኛ ያስተምር ነበር። እኔም ሥነ ጽሑፍ አስተማሪ ነበርኩና የእሱ ነገር ይከነክነኛል። 129 ሺህ ዶላር ሰበሰበ። ኖቬምበር 2 ቀን 1959 ኮንግረስ ፊት ቀርቦ ማታለሉን አመነ፤ የማስተማር ሥራውንም አጣ። በ1960 እንዲህ ያለው ድራማ በሕግ ተከለከለ።

ልብ በሉ፤ ይህን ቅሌት ገንዘብ ብቻውን አልወለደውም። ጨዋታው ይቀዘቅዛል የሚል ፍርሃትም አለበት። ሰው «አላውቅም» ሲል ማየት እንደ ኪሳራ ተቆጠረ። በመማሪያ ክፍልም ያየሁት ይህንኑ ነው። «አላውቅም» ማለት ሞት የሚመስለው ተማሪ በማያውቀው ሲቀባጥር ሰዓቱ ያልቃል፤ ትክክለኛውን መልስም ሳይሰማ ይወጣል።

የጋይንት ልጅ ግን አለማወቁን የሚናገርበት ወግ አለው። አገር ይሰጣል፣ ይሳቅበታል፣ መልሱን ይሰማል። በማግስቱ ያንኑ እንቆቅልሽ ይዞ ሌላውን ከተማ ያስከፍላል።

ስለዚህ ለእኛዎቹ የጥያቄና መልስ አዘጋጆች አንድ ነገር ልበል። ተወዳዳሪው ካቃተው ይቃተው፤ ሙዚቃውም ለአንዴ ዝም ይበል። መልሱን ብቻ ንገሩን።