አራት ቀለም ያለው ፈሳሽ

ናሳ ሲባል የብዙ ሰው ሐሳብ ወደ ጨረቃ ይበራል። የኔ ግን ኦሃዮ ውስጥ፣ ክሊቭላንድ ላይ ይቀራል። ኬሚስትሪ አስተማሪ ነኝና የምከተለው ፈሳሹን ነው። በ1970ዎቹ (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው) ነዳጅ ተወድዶ ዓለም ሲጨነቅ፣ በዚያን ጊዜ ሉዊስ የምርምር ማዕከል በሚባለው የናሳ ግቢ ሎውረንስ ታለር የተባሉ ተመራማሪ ኤሌክትሪክን በሁለት ታንከር ፈሳሽ ለማከማቸት ተነሡ። ሐሳቡን ጀርመናዊው ዋልተር ካንግሮ በ1940ዎቹ መጨረሻ አንሥተውት ነበር፤ በሰፊው የገፉበት ግን ታለርና ባልደረቦቻቸው ናቸው።

በመኪና ባትሪ ውስጥ ኃይሉ የሚቀመጠው እርሳስ በተቀቡ ሳህኖች ላይ ነው። እነ ታለር በሠሩበት የፍሰት ባትሪ ግን ኃይሉን የሚይዘው ፈሳሹ ራሱ፣ ኤሌክትሮላይቱ፣ ነው። ፓምፖች ሁለቱን ፈሳሾች ከየታንከራቸው እየሳቡ መሃል ወዳለው ሴል ይልካሉ። እዚያ በስስ ሽፋን ተለያይተው ጎን ለጎን ያልፋሉ፤ ኤሌክትሮኖቹ በውጭ በኩል በሽቦ ይዞራሉ። ሴሉ ወፍጮ፣ ታንከሩ ጎተራ ነው ማለት ነው። ብዙ ሰዓት መፍጨት የፈለገ ወፍጮውን ሳይነካ ጎተራውን ያሰፋል። ስለዚህ ጥያቄው ሁሉ ጎተራው ውስጥ ምን ይግባ የሚለው ነው።

የናሳ ሰዎች በአንዱ ታንከር ብረት፣ በሌላው ክሮሚየም በሃይድሮክሎሪክ አሲድ አሟሙተው መረጡ። ታለር የፈጠራ መብቱን ያገኙት በ1976 ነው። ሁለቱም ርካሽ ናቸው፤ አንድ ላይ ወደ 1.2 ቮልት ይሰጣሉ። ነገር ግን ክሮሚየም በኤሌክትሮዱ ላይ ዳተኛ ነው፤ ባትሪው ቻርጅ ሲደረግ ደግሞ ሃይድሮጂን ጋዝ እየወጣ የገባውን ኃይል ይበላል። ከዚህ የባሰው ሽፋኑ ማሳለፉ ነበር። ብረቱ ወደ ክሮሚየሙ፣ ክሮሚየሙ ወደ ብረቱ እየሾለከ ባትሪው ቀስ በቀስ ይደክማል። በኋላ ሁለቱንም ንጥረ ነገሮች አስቀድመው በሁለቱም ታንከሮች ቀላቀሏቸው። ብልሃት ነው፤ ዋጋው ግን በየታንከሩ የሟሟው አንዱ ንጥረ ነገር ያለ ሥራ መቀመጡ ነው።

ሲድኒ ውስጥ በኒው ሳውዝ ዌልስ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ማሪያ ስካይላስ-ካዛኮስ በ1980ዎቹ ነገሩን ከሥሩ ያዙት። ካሊምኖስ ከምትባል የግሪክ ደሴት በልጅነታቸው ከቤተሰባቸው ጋር ወደ አውስትራሊያ የሄዱ ሴት ናቸው። መሾለኩን ማስቆም ካልተቻለ በሁለቱም በኩል አንድ ዓይነት ንጥረ ነገር ይሁን አሉ። የሾለከው ኃይል ያባክናል እንጂ ፈሳሹን አይመርዝም፤ ሚዛኑ ሲዛባ ሁለቱን ታንከሮች ደባልቆ እንደገና ማስተካከል ይቻላል። ለዚህ የሚመች ንጥረ ነገር ቫናዲየም ነው፤ በአሲድ ውስጥ ከሁለተኛው እስከ አምስተኛው አራት የተለያየ የኤሌክትሮን ደረጃ ይይዛል።

ቫናዲየምን ከእሳቸው በፊትም ያሰቡት ነበሩ። ያሸሻቸው አምስተኛው ደረጃ ላይ ያለው ዱቄት፣ ቫናዲየም ፔንቶክሳይድ፣ በሰልፈሪክ አሲድ የሚሟሟው በጥቂቱ ብቻ መሆኑ ነው። ፈሳሹ ከቀጠነ ታንከሩ ምን ሊይዝ ነው? ስካይላስ-ካዛኮስና ተማሪዎቻቸው ዱቄቱን በግድ ከማሟሟት ይልቅ በደንብ ከሚሟሟው ሰማያዊ ቫናዲል ሰልፌት ተነሡና በኤሌክትሪክ ወደ አምስተኛው ደረጃ አደረሱት። ፈሳሹ ቢጫ ሆነ፤ በሊትር 2 ሞል ያህል ይዞም አልዘቀጠም። የፈጠራ መብቱን በ1986 ጠየቁ። ይህን የታሪኩን ክፍል እጅግ እወደዋለሁ፤ ሌሎች «አይሟሟም» ብለው የተመለሱበትን በር በሌላ በኩል ዞረው ከፈቱት።

ቀለሞቹን ለተማሪዎቼ በብልቃጥ አሳያቸዋለሁ። በአሲድ የሟሟውን ቢጫ ቫናዲየም ከዚንክ ቁርጥራጭ ጋር ስወዘውዘው አረንጓዴ፣ ከዚያ ሰማያዊ፣ እንደገና አረንጓዴ፣ በመጨረሻም ወይን ጠጅ ይሆናል። የመጀመሪያው አረንጓዴ ራሱን የቻለ ደረጃ አይደለም፤ ቢጫውና ሰማያዊው ሲደባለቁ የሚታይ ነው። ልብ ያለው ተማሪ «ለምን ሁለት ጊዜ አረንጓዴ ሆነ?» ብሎ ሲጠይቅ ደስታዬ ወሰን የለውም። ወይን ጠጁን ብልቃጥ ክፍት ከተዉት አየር ይመልሰዋል፤ በእውነተኛው ባትሪም ወይን ጠጁን የያዘው ታንከር ከአየር መጠበቅ አለበት።

ምርጫው ችግር የለውም ማለቴ አይደለም። ቢጫው ፈሳሽ ከ40 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ ይዘቅጣል፤ ይህ ለቆላ አገር ቀላል ነገር አይደለም። በ2011 የአሜሪካው ፓሲፊክ ኖርዝዌስት ብሔራዊ ቤተ ሙከራ ሰልፈሪክና ሃይድሮክሎሪክ አሲድን ቀላቅሎ እስከ 50 ዲግሪ የሚችል ኤሌክትሮላይት አሳየ። የቫናዲየም ዋጋ ደግሞ የብረት ፋብሪካዎችን ይከተላል፤ አብዛኛው ቫናዲየም ብረት ለማጠንከር ነውና የሚውለው፣ በ2018 ዋጋው አሻቅቦ ባትሪ ሠሪዎችን አስጨንቋል። ያም ሆኖ የጃፓኑ ኩባንያ ሱሚቶሞ በ2015 ሆካይዶ ላይ 60 ሜጋ ዋት ሰዓት የሚይዝ ጣቢያ ተከለ፤ በ2022 የቻይናዋ ዳልያን 400 ሜጋ ዋት ሰዓት የሚይዝ አቆመች።

ከማዕድን ለመላቀቅ የሞከሩም አሉ። በ2014 ሃርቫርድ ውስጥ የማይክል አዚዝ ቡድን ኪኖን ከተባሉት የካርቦን ሞለኪውሎች አንዱን ከብሮሚን ጋር አጣመረ፤ በማግስቱ ዓመት መርዛማውን ብሮሚን በፌሮሳያናይድ ተካው። ሥራቸውን አከብራለሁ፤ ካርቦን በየቦታው ይገኛል። ሆኖም ሞለኪውል በኬሚካዊ ለውጥ ቀስ በቀስ ይፈርሳል፣ ቫናዲየም ግን ንጥረ ነገር ነውና አይፈርስም። ሴሉና ፓምፑ አርጅተው ቢጣሉ ፈሳሹ ታድሶ ወደ ሌላ ባትሪ ይገለበጣል። ዛሬ ኤሌክትሮላይቱን ሳይሸጡ የሚያከራዩ ድርጅቶች የተፈጠሩትም በዚህ ምክንያት ነው።