ሲናዘዙ ልቡናቸው ነበር ወይ?

ጅማም ሆነ አጋሮ፣ ሊሙም ሆነ ጎማ፣ ቡና ያላቸው ሽማግሌ ሲሞቱ ከልቅሶው ቀጥሎ የሚመጣው ነገር የታወቀ ነው። ኑዛዜው ያልጣመው ወገን «ያን ጊዜ ልቡናቸው የት ነበረና!» ይላል። የጣመው ደግሞ «እስከ መጨረሻዋ ትንፋሽ አእምሯቸው አልተዛነፈም» ብሎ ይምላል። ሁለቱም የሚያወሩት ስለ አንድ ሰው ነው። እኛም ነገሩን ከታሪክ በኩል ልናየው ወደድን። ይህ ሙግት የቤተሰብ ብቻ ሳይሆን የአገርም ሙግት ሆኖ ያውቃልና።

በግንቦት 1901 ዓ.ም. አጤ ምኒልክ ታመው ሳለ የልጃቸውን ልጅ፣ ልጅ ኢያሱን፣ ወራሻቸው አድርገው አሳወጁ። ሞግዚት የሆኑት ከጅማ በስተምዕራብ ያለውን የኢሉባቦርን የቡና አገር ይገዙ የነበሩት ራስ ተሰማ ናደው ነበሩ። በጥቅምት 1902 ግን ሕመሙ የንጉሡን አንደበት ዘጋው። ከዚያ ወዲያ ትእዛዙ በእቴጌ ጣይቱ በኩል ይወጣ ጀመር፤ ሹም ሽሩም በዛ። በመጋቢት መኳንንቱ ተሰብስበው እቴጌይቱን ከመንግሥት ሥራ አራቁ። እንግዲህ ነገሩ ምንድን ነው? አንደበት ሳለ የተነገረው ይጸናል፣ አንደበት ከተዘጋ በኋላ በሌላ አፍ የመጣው ግን አይጸናም ማለት ነው። መኳንንቱም ቢሆኑ ጥቅማቸውን አልረሱም። በመስከረም 1909 ልጅ ኢያሱን ሲሽሩ የተናዛዡን አእምሮ አልነኩም፤ የወራሹን ሃይማኖት ከሰሱ። ጳጳሱ አቡነ ማቴዎስም ከመሐላው ፈቷቸው።

ወደ ጅማ እንመለስ። ከ1870 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የነገሡት ዳግማዊ አባ ጅፋር ለምኒልክ ገብረው የውስጥ አስተዳደራቸውን አስጠብቀው ኖሩ። በመጨረሻ ዘመናቸው እርጅናና ሕመም አደከማቸው፤ ሥልጣኑም በልጅ ልጃቸው በአባ ጆቢር እጅ ገባ። በ1924 ዓ.ም. ማዕከላዊው መንግሥት ጦር ልኮ አባ ጆቢርን አሰረ፤ የጅማም መንግሥትነት ቀረ። ሽማግሌው ንጉሥ ብዙም ሳይቆዩ ሞቱ። ደካማ ሰው ማን ይናገርለት የሚለውን ጥያቄ እዚህ የፈታው ዳኛ አልነበረም፤ ጠመንጃ ነው።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ይህን ጥያቄ ለዳኛ ሰጠው። በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በተናዛዡና በ4 ምስክሮች ፊት መነበብ አለበት። ተናዛዡ በሕይወት ሳለ በፍርድ ካልተከለከለ ደግሞ በመሠረቱ «አእምሮው ጎድሎ ነበር» ተብሎ ኑዛዜው አይፈርስም፤ ጉድለቱ ከኑዛዜው ከራሱ ቃል ካልታየ በቀር። ነዋሪው ከ2,000 በታች በሆነ መንደር እብደት የታወቀ የሚባለው ቤተሰቡ ሰውየውን እየጠበቀ መውጣት መግባቱን ሲገድብበት ነው። መርሳትና መነጫነጭ፣ ወይም አንዱን ልጅ ከሌላው ማብለጥ፣ ብቻውን እብደት አይባልም።

የገጠር መሬት በ1967 ዓ.ም. የሕዝብ ሆኗል፣ ምን ቀረ ትሉን ይሆናል። ቤቱ፣ ገንዘቡ፣ የይዞታ መብቱ አለ፤ ጠቡም አለ።

ሕጉ አንዳንዴ ይጨክናል፤ በእርግጥ የታመመና የተታለለ ሽማግሌ ልጆች ባዶ እጃቸውን ሊቀሩ ይችላሉ። ቢሆንም ወደ ሕጉ እናደላለን። አባቱ ለቡና ሽያጭ ሲፈርሙ ብሩን እየቆጠረ ሲቀበል የኖረ ልጅ፣ አፈር ከቀመሱ በኋላ «አብደው ነበር» ቢል ማን ይስማው? አእምሯቸው ደክሞ ከሆነ፣ ያኔ በቁማቸው ሳሉ ሐኪም ጋ ይወስዳቸው፣ ዳኛ ፊት ያቀርባቸው ነበር። ሟች ተነሥቶ ስለ ልቡናው አይመሰክርም።