ሬምስ፤ የነገሥታትና የዕርቅ ከተማ

የጥንቱን ዘመን ለማየት ሁልጊዜ ረጅም መንገድ መጓዝ ግድ አይደለም። ከፓሪስ በስተምሥራቅ ወደምትገኘው ወደ ሬምስ በሠረገላ ይሄድ የነበረ ሰው ቀናት ይፈጅበት ነበር፤ ፈጣኑ የባቡር ሐዲድ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ2007 ከተከፈተ ወዲህ ግን መንገዱ 45 ደቂቃ ያህል ብቻ ሆኖአል። ጧት ተነሥቶ ማታ የሚመለስ መንገደኛ እንኳ በዚያች ከተማ የ1,500 ዓመት ታሪክ ሊመለከት ይችላል።

የከተማይቱ ክብር የሚጀምረው ከጥምቀት ነው። በ5ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ የፍራንኮች ንጉሥ ክሎቪስ አረማዊነቱን ትቶ በኤጲስ ቆጶሱ በቅዱስ ሬሚ እጅ በዚህ ተጠመቀ። ስለዚህም በኋላ የተነሡት የፈረንሳይ ነገሥታት፥ ጥቂቶቹ ሲቀሩ፥ ቅብዐ መንግሥት የሚቀበሉት በሬምስ ሆነ። የቅብዐቱንም ብልቃጥ ርግብ ከሰማይ አመጣችው እየተባለ በአፈ ታሪክ ይነገር ነበር፤ በ1793 ግን አብዮተኞች በአደባባይ ሰበሩት። በ1825 የተቀባው 10ኛው ሻርል የመጨረሻው ሆነ።

ዛሬ የሚታየው የእመቤታችን ካቴድራል መሠረቱ የተጣለው በ1211 ነው። በውስጡ ከተፈጸመው ሁሉ የሚደነቀው የ1429 ነገር ነው። በዚያን ጊዜ የአገሪቱን ብዙ ክፍል እንግሊዞችና ረዳቶቻቸው ይዘውት ነበር፤ 7ኛው ሻርልም ገና ስላልተቀባ በብዙዎች ዓይን ሙሉ ንጉሥ አልነበረም። የገበሬ ልጅ የሆነችው ዣን ዳርክ በጠላት አገር መካከል መርታ አመጣችው፤ ሐምሌ 17 ቀንም ሲቀባ ሰንደቋን ይዛ ከአጠገቡ ቆመች።

ነገር ግን ይህ ሁሉ ክብር ደብሩን ከእሳት አላዳነውም። መስከረም 19 ቀን 1914 የጀርመን መድፍ በመታው ጊዜ ለጥገና የቆመው የእንጨት መወጣጫ ተቀጣጠለ፤ ጣራው ነደደ፤ የጣራው እርሳስ ቀልጦ እንደ ውኃ ፈሰሰ። በደጁ ያለው ፈገግ ያለ መልአክም ራሱ ተቈርጦ ወደቀ። በዚያች ሰዓት በውስጡ በጭድ ላይ ተኝተው የነበሩት ቍስለኞች ጀርመኖች ነበሩ። ሕዝቡ በቍጣ ከደጅ ሲጠብቃቸው፥ የደብሩ አለቃ ቄስ ላንድሪዩና ጓደኞቻቸው ቍስለኞቹን ከእሳቱ አወጡአቸው፤ በሕዝቡና በእነርሱም መካከል ቆሙ።

ከጦርነቱ በኋላ አንሪ ዴኖ የተባለው የሕንፃ ባለሙያ የተቃጠለውን የጣራ እንጨት ብረት ባለበት ሲሚንቶ ተካው፤ አሜሪካዊው ባለጸጋ ሮክፌለርም በገንዘብ ረዳ። የመልአኩ ራስ በ1926 ወደ ቦታው ተመለሰ፤ ካቴድራሉም በ1938 ሙሉ በሙሉ ተከፈተ።

ብዙ ሳይቈይ ሁለተኛው ታላቅ ጦርነት ተነሣ። በመጨረሻውም ግንቦት 7 ቀን 1945 ከሌሊቱ በጀርመን በኩል ጄኔራል ዮድል የመሸነፋቸውን ውል የፈረመው በዚያችው በሬምስ፥ ከባቡር ጣቢያው ብዙ በማይርቅ ትምህርት ቤት ነው። በ1962 ደግሞ ሐምሌ 8 ቀን የፈረንሳዩ መሪ ደጎልና የጀርመኑ መሪ አደናወር በካቴድራሉ ውስጥ ጐን ለጐን ቆመው አስቀደሱ። በ2011 የጀርመን ሠዓሊ ኢሚ ክኖበል የሠራቸው ባለቀለም የመስኮት መስተዋቶች በካቴድራሉ ተተከሉ። የጀርመን እሳት ባቃጠለው ቤት ብርሃን ዛሬ በጀርመናዊ እጅ ሥራ በኩል ይገባል።

እንግዲህ መንገደኛው ወደ ባቡሩ ሲመለስ ሁለት ነገር ያስተውላል። የነገሥታቱ ዘውድ አልፎአል፤ ቅብዐቱም ፈስሶአል። በእሳቱ ፊት ጠላትን ያዳነው የቄሱ ሥራ ግን አላለፈም፤ ከ48 ዓመት በኋላ ሁለቱ መሪዎች በአደባባይ የፈጸሙትን ዕርቅ እርሱ አስቀድሞ በጥቂት ቍስለኞች ላይ ጀምሮት ነበርና።