ከሂሳብ መዝገብ የወጣ ትምህርት ቤት

እ.ኤ.አ. በጁላይ 1881 ቻርልስ ጊቶ የተባለ ሰው በዋሽንግተን ባቡር ጣቢያ ፕሬዚዳንት ጄምስ ጋርፊልድን ተኩሶ መታቸው። ጊቶ «ለምርጫው ደክሜአለሁና የፓሪስ ቆንስልነት ይገባኛል» እያለ በየቢሮው ሲመላለስ የከረመ ደጅ ጠኚ ነበር። ፕሬዚዳንቱ በሴፕቴምበር ሞቱ። በዚያ ዘመን አሜሪካ ውስጥ ያሸነፈ ፓርቲ የመንግሥትን ሥራ እንደ ምርኮ ይከፋፈል ነበር፤ የፖስታ ቤት ሹሙም የጉምሩክ ጸሐፊውም ወንበራቸውን የሚያገኙት በደጋፊነታቸው ነው። በ1883 የወጣው የፔንድልተን ሕግ ሥራ በፈተና እንዲገኝ አዘዘ። ሕጉ ሲጀምር የሸፈነው ከፌዴራል ሥራዎች አንድ አሥረኛ ያህሉን ብቻ ነበር። የፈረሙበት ፕሬዚዳንት ቼስተር አርተርም በኒው ዮርክ ጉምሩክ በዚያው የሹመት እደላ ያደጉ ሰው ነበሩ።

ፈተና ግን ማን ወደ ቢሮ እንደሚገባ እንጂ ገብቶ ምን እንደሚሠራ አይናገርም። ኒው ዮርክ ከተማ ታማኒ ሆል በሚባለው የፖለቲካ ማኅበር እጅ ነበረች። መንገድ ይነጠፋል፣ ገንዘብ ይወጣል፤ መንገዱ ግን ወዲያው ይቦረቦራል። ሌብነት እንዳለ ሁሉም ያወራል፣ ማስረጃ የያዘ ግን አልነበረም።

ይህን የለወጡት ዊልያም አለን፣ ሄንሪ ብሩዌርና ፍሬደሪክ ክሊቭላንድ ናቸው። እነሱ ያቋቋሙት የከተማ አስተዳደር ጥናት ቢሮ በ1907 ሕጋዊ ሰውነት አገኘ። እነዚህ ሰዎች ስብከት አልሰበኩም። ብሩዌር የማንሃታንን አስተዳደር ወጪ ከተሠራው ሥራ ጋር አስተያየ፤ ለመንገድ ጥገና የተከፈለውን ከመንገዱ ጋር ማለት ነው። ውጤቱ ታትሞ ሲወጣ የማንሃታን ክፍለ ከተማ ፕሬዚዳንት ጆን አሄርን ለምርመራ ቀረቡ። በ1907 መጨረሻ አገረ ገዢው ቻርልስ ኢቫንስ ሂውዝ ከሥልጣን አነሷቸው። ከሥልጣን ያስነሳቸው በዋነኛነት ቸልተኝነታቸውና የአስተዳደር ድክመታቸው ነው። ለእኔ የዚህ ታሪክ ትልቁ ነጥብ እዚህ ላይ ነው። እስከዚያ ድረስ ሹም የሚጠየቀው ሰረቀ ሲባል ብቻ ነበር፤ ያን ዓመት ግን የሕዝብን ገንዘብ ማባከንም በራሱ የሥነ ምግባር ጥፋት ሆነ።

ቢሮው በ1908 የከተማዋን በጀት በአደባባይ ኤግዚቢሽን አሳየ። ሱቅ ውስጥ በጥቂት ሳንቲም የሚሸጥ የልብስ ማንጠልጠያ፣ ከተማዋ በብዙ እጥፍ እንደገዛችው ተጽፎበት ተሰቀለ። ተራው ሰው ስለ ሂሳብ አያያዝ ምንም ባያውቅም የማንጠልጠያ ዋጋ ያውቃል።

ትምህርት ቤቱ የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። በ1911፣ የባቡር ሐዲድ ባለጸጋው የኤድዋርድ ሃሪማን ባለቤት የነበሩት ሜሪ ሃሪማን በሰጡት ገንዘብ፣ ቢሮው የሕዝብ አገልግሎት ማሠልጠኛ ከፈተ። ሠልጣኞቹ ከክፍል ይልቅ በከተማው መሥሪያ ቤቶች ውስጥ እየሠሩ ይማሩ ነበር። በ1924 ማሠልጠኛው ወደ ሰራኪዩስ ዩኒቨርሲቲ ተዛወረ። የዩኒቨርሲቲው የቀድሞ ተማሪ የነበሩት ጠበቃ ጆርጅ ማክስዌል በለገሱት ገንዘብ የተቋቋመውና በስማቸው የተጠራው ተቋም የመጀመሪያ ዲን ዊልያም ሞሸር ሆኑ። በ1937 በተመረቀው ሕንፃ መግቢያ ላይ የጥንት አቴናውያን ወጣቶች መሐላ ተቀርጿል፤ ከተማችንን ከተረከብናት የተሻለች አድርገን እናስረክባለን የሚል። ድንቅ መሐላ ነው። ሆኖም የዚያን ትምህርት ቤት ጉልበት የምፈልገው ከግድግዳው ጽሑፍ ይልቅ ከማንጠልጠያው ዋጋ ላይ ነው።

ቢሮው ሕጋዊ ሰውነት ባገኘበት በ1907 ማብቂያ ላይ፣ በእኛ 1900 ዓ.ም.፣ አፄ ምኒልክ የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሾሙ። መሥሪያ ቤት ቆመ፤ ለመሥሪያ ቤቱ የሚሆነውን ሰው የሚያሠለጥን ተቋም ግን የመጣው ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። በ1940ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ የተባበሩት መንግሥታት የሙያ ድጋፍ ታክሎበት የሕዝብ አስተዳደር ኢንስቲትዩት በአዲስ አበባ ተከፈተ። በ1987 ዓ.ም. የሲቪል ሰርቪስ ኮሌጅ ተከተለ፤ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ነው። እኛ ዘንድ ትምህርት ቤቱ ቀድሞ መጣ፤ በአሜሪካ ትምህርት ቤቱን የወለደው የተከፈተ መዝገብ ግን ገና አልነበረም። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረት እስከ ዛሬ የሚነገረው ሕዝቡ ሥነ ምግባር ስለማያውቅ አይመስለኝም። ሹሙ የበላውን በሳንቲም ቆጥሮ የሚያሳየው ሰው ስላላገኘ ነው።

መዝገቡ ፈጽሞ አልተከፈተም ማለት ግን አይደለም። ዋናው ኦዲተር በየዓመቱ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የሚያቀርበው ሪፖርት፣ ያልተወራረደ ሂሳብን በመሥሪያ ቤት ስም ለይቶ ይዘረዝራል። ከ1998 ዓ.ም. በኋላ በመሠረታዊ አገልግሎቶች ፕሮግራም አማካይነት የወረዳ በጀት ለተራው ሰው በሚገባ ሰንጠረዥ ተዘጋጅቶ በየሰሌዳው እንዲለጠፍ ተደርጓል። ለትምህርት ይህን ያህል፣ ለጤና ይህን ያህል፣ ለውሃ ይህን ያህል። የ1908ቱ ኤግዚቢሽን ዘመድ ነው፤ በእኛ የመንግሥት አገልግሎት ታሪክ ውስጥ ካየኋቸው ነገሮች ይህን የማስቀድመውም ለዚህ ነው።

የጎደለው ከሰሌዳው አጠገብ የሚቆም ሰው ነው። የሲቪል ሰርቪስ ተማሪ ከመመረቁ በፊት አንድ የበጀት ዓመት በአንድ ወረዳ ይቀመጥ፤ የተለጠፈውን ቁጥር ከተቆፈረው የውሃ ጉድጓድ፣ ከተገዛው የትምህርት ቤት ወንበር ጋር ያስተያይ፤ ገበያ የመጣ ገበሬ ሲጠይቀው ያስረዳ። የመመረቂያ ጽሑፉም ያ ይሁን፤ ሲጨርስም በዚያው ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ።