ስለ ሮኬት ሞተሮች ሙግትና ፍርድ የተጻፈ ዜና መዋዕል

በአሜሪካ አገር ሮኬት ሠርተው ወደ ሰማይ የሚያስወነጭፉ ሰዎች የመሠረቷቸው ሁለት ማኅበራት፣ ብሔራዊ የሮኬት ማኅበርና የትሪፖሊ ሮኬት ማኅበር፣ ከመንግሥት ጋር የተሟገቱበት ታሪክ ይህ ነው። ዓመቶቹ የተቆጠሩት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

በ1954 ኦርቪል ካርላይል የተባለ የነብራስካ ጫማ ነጋዴ፣ በካርቶን ቀፎ ውስጥ ባሩድ የታመቀበትን፣ አንድ ጊዜ ተኩሶ የሚለወጥ ትንሽ ሞተር ሠራ። ሃሪ ስታይን የተባለው የሮኬት ባለሙያም በ1957 ወጣቶች በየቤታቸው ነዳጅ ሲቀምሙ ስለሚደርስባቸው ጉዳት ቢጽፍ፣ ካርላይል ጽሑፉን አንብቦ ሥራውን ላከለት። ከዚያ ወዲህ የሞዴል ሮኬተኞች ሕግ፣ ማንም ሞተሩን በገዛ እጁ እንዳይሠራ፣ ከፋብሪካ የወጣውን ብቻ እንዲጠቀም የሚያዝዝ ሆነ። የልጆችን እጅና ዓይን ያዳነው ይህ ሥርዓት የቆመው ሞተሩ ከፋብሪካ ወደ ገዢው በመጓጓዙ ስለ ሆነ፣ መንገዱን የሚያጠብብ ሁሉ ወጣቱን ወደ ቀድሞው አደጋ ይመልሰዋል፤ የማኅበራቱም አቤቱታ ኃይሉ ከዚህ ነበር።

በ1970 የአሜሪካ ምክር ቤት ስለ ፈንጂዎች ሕግ አወጣ፤ በተከታዩም ዓመት በወጣው የፈንጂዎች ዝርዝር ውስጥ የአሞኒየም ፐርክሎሬት ቅይጥ ነዳጅ ገባ። ይህ ነዳጅ ኦክስጅን የሚሰጠው ጨውና የአሉሚኒየም ዱቄት ከጎማ መሰል ማጣበቂያ ጋር ተለውሰው የሚጠነክሩበት ሲሆን፣ የጠፈር መንኮራኩሮቹን ከምድር ያነሡ ታላላቅ የጎን ሮኬቶችም በዚሁ ወገን ነዳጅ ይሠሩ ነበር።

የፈንጂ ሕጉ በነዳጅ ኃይል የሚሠሩ መሣሪያዎችን ነጻ ያደርግ ስለ ነበር ሮኬተኞቹ ለብዙ ዘመን በሰላም ኖሩ። በኋላ ግን የአልኮል፣ የትምባሆ፣ የጦር መሣሪያና የፈንጂዎች ቢሮ፣ ነጻነቱ ከ62.5 ግራም የማይበልጥ ነዳጅ ላለው ሞተር ብቻ ነው፤ ከዚያ የሚበልጠውን የሚይዝ ሰው ፈቃድና የፈንጂ ማከማቻ ያስፈልገዋል አለ። ስለዚህ ሁለቱ ማኅበራት በፌብሩዋሪ 2000 በዋሽንግተን በሚገኘው የወረዳ ፍርድ ቤት ክስ መሠረቱ፤ ጉዳዩም ለዳኛ ሬጂ ዋልተን ደረሰ። ከጠበቆቻቸው አንዱ፣ በዩካ ተራራ የኑክሌር ዝቃጭ ሙግት ለኔቫዳ የቆመው ጆሴፍ ኢገን ነበር።

ሙግቱ ገና ሳይቋጭ፣ ከሴፕቴምበር 11 ጥቃት በኋላ በ2002 የወጣው የፈንጂዎች ጥበቃ ሕግ ሸክሙን አከበደው። ፈንጂ መቀበልም ሆነ መያዝ ለማን እንደ ተከለከለ በጥብቅ ስለ ደነገገ፣ አንዳንድ የማመላለሻ ድርጅቶች በሠራተኞቻቸው እንዳይጠየቁ ፈርተው ጭነቱን አንቀበልም አሉ። በ2003 የዋዮሚንግ ሴናተር ማይክ ኤንዚ ለሮኬተኞቹ ነጻነት የሚሰጥ ረቂቅ አቀረበ፤ ሕግ ለመሆን ግን አልበቃም። በ2004 የወረዳው ፍርድ ቤት ስለ ነዳጁ ለቢሮው ፈርዶ የሰጠው ቃል ማኅበራቱን ይግባኝ አስጠየቀ።

ፌብሩዋሪ 10 ቀን 2006 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ለማኅበራቱ የሚገባውን ተናገረ። ቢሮው ነዳጁ ከተራ እሳት እጅግ ፈጥኖ ስለሚነድ ፈንጂ ነው ሲል፣ ዳኞቹ ፍጥነቱ ከየት ሲጀምር ፈንጂ እንደሚያሰኝ ጠየቁ፤ ቢሮውም ወሰኑን ማሳየት አልቻለም። ማኅበራቱ የነዳጁ መንደድ በሰከንድ በሚሊሜትር እንደሚለካ ተከራክረው ነበር፤ የፈንጂ ነገር ግን በሜትር የሚቆጠር ነው። ልክ የሌለው ክልከላ ፍርድ እንዳልሆነ በዚያ ቀን ታወቀ፤ ነገሩም ቢሮው እንደገና እንዲመረምረው ተመለሰ። ኢገን በ2008 ስላረፈ ፍጻሜውን አላየም፤ እግዚአብሔር ነፍሱን ያሳርፍ።

ማርች 16 ቀን 2009 ዳኛ ዋልተን ቢሮው ነዳጁን ፈንጂ ያለበት ውሳኔ በዘፈቀደ የተሰጠ ነው ብሎ ሻረው። ዘጠኝ ዓመት የታገሡት ደስ አላቸው፤ ፈጣሪያቸውንም አመሰገኑ። ቢሮው ከዚያ በኋላ ባወጣው ዝርዝር ነዳጁን ከፈንጂዎች ለየው።

የጭነት ሕግ ግን በትራንስፖርት መሥሪያ ቤት እጅ ስለ ሆነ በዚህ ፍርድ አልተነካም። መሥሪያ ቤቱ ትላልቆቹን ሞተሮች ዛሬም ከፈንጂ ክፍል ስለሚቆጥራቸው ካርቶናቸው ብርቱካናማ ምልክት ተለጥፎበት፣ የአደገኛ ዕቃ ክፍያ ተጨምሮበት ይጓዛል፤ ከ62.5 ግራም የማይበልጡት ደግሞ በልዩ ፈቃድ ቁጥር 7887 እንደ ተቀጣጣይ ጠጣር፣ ቀይና ነጭ መስመር ባለበት ምልክት ይሄዳሉ። ፖስታ ቤቱም ከ30 ግራም የሚበልጥ ነዳጅ ያለውን ሞተር አይቀበልም።