ጎጃም የንግሥት እሌኒ በነበረ ጊዜ

ጫግኒ ላይ ታሪክ ሳስተምር ኖሬያለሁ። ተማሪዎቼ እሌኒ ሲባል ቶሎ ትዝ የሚላቸው ለፖርቱጋል ንጉሥ የላኩት ደብዳቤ ነው። እኔ ግን ከደብዳቤው በፊት ፈረሶቹን አስቀድማለሁ።

ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬስ እ.ኤ.አ. ከ1520 እስከ 1526 በአፄ ልብነ ድንግል ከተማ ነበር። እሌኒ ካረፉ በኋላ ቢትወደዱ ጎጃም ወርዶ የእሳቸውን ግብር ሰብስቦ ሲመለስ ያየውን ጽፎልናል፤ 3,000 በቅሎ፣ 3,000 ፈረስ፣ 3,000 ወፍራም ልብስና 30,000 ወቄት ወርቅ። ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ የአገው ፈረሰኞችን በዓል ያየ ሰው፣ 3,000 ፈረስ እየተሳበ ሲገባ ሜዳው ምን እንደሚመስል መገመት አይከብደውም። ያ ሁሉ የአንዲት ሴት ግብር ነበር። የእሌኒ ሥልጣን ሥሩ እዚህ ጎጃም መሬት ላይ እንደነበር የማምነው ለዚህ ነው።

ትውልዳቸው ግን ከሐድያ ነው። አባታቸው ገራድ መሐመድ የሙስሊም አገር ገዥ ነበሩ። አፄ ዘርዐ ያዕቆብ (1434–1468) እሌኒን ያገቡት ሐድያን ለማሰር ነበር፤ ጋብቻው ግን ሰላም አላወረደም። ወንድማቸው ማሂኮ ግብር አልከፍልም ብሎ ሸፈተ፣ በዚያው ንጉሥ ዘመንም ተገደለ። የባልም የወንድምም ነገር በአንዲት ሴት ልብ ውስጥ እንዴት እንዳደረ ዜና መዋዕሉ አይነግረንም።

ልጅ አልወለዱም። ሆኖም የዘርዐ ያዕቆብ ልጅ አፄ በእደ ማርያም ሲነግሡ የገዛ እናታቸው በሕይወት አልነበሩምና የንጉሥ እናትነቱን ማዕረግ ለእሌኒ ሰጡ። ዜና መዋዕሉ የሃይማኖት ዕውቀታቸውንና የቤተ መንግሥቱን ማዕድ የማሰናዳት ችሎታቸውን አንድ ላይ ያወድሳል። የማዕዱን ነገር እንደ ጓዳ ሥራ ቆጥረው የሚያልፉት አሉ። እኔ አላልፈውም፤ ግብር ሲበላ ማን ከማን በላይ እንደሚቀመጥ፣ ሥጋው ለማን ቀድሞ እንደሚቀርብ ማወቅ መንግሥትን ማወቅ ነበር።

ለማነጻጸር ያህል፣ በዚያው ዘመን እንግሊዝ አገር የንጉሥ ሄንሪ 6ኛን የእናት ልጅ ያገቡ ማርጋሬት ቦፎርት የሚባሉ ወይዘሮ ነበሩ። በ1509 የልጅ ልጃቸው ሄንሪ 8ኛ ዘውድ ሲጭን አይተው በአምስተኛው ቀን ዐረፉ። እሌኒ ግን ያን ጊዜ ገና ሥራ ላይ ናቸው። በ1508 በልጅነቱ የነገሠውን ልብነ ድንግልን ይዘው አገር ያስተዳድራሉ፣ ከአዳል በኩል የሚመጣውን የማሕፉዝን ወረራ ያያሉ፣ ቀይ ባሕር ላይ ማን መርከብ እንዳለው ይጠይቃሉ። አርመናዊውን ማቴዎስን ደብዳቤውን አስይዘው ወደ ፖርቱጋል የላኩትም ለዚህ ነው፤ ሊዝበን የደረሰው በ1514 ነበር። ከደብዳቤው ውስጥ እኔን የሚይዘኝ የጋብቻው ጥያቄ ነው። ለፖለቲካ የተዳሩት ሴት፣ ሸምግለው፣ የሁለቱ ቤተ መንግሥታት ልጆች ይጋቡ አሉ።

የጎጃሙ ሀብት የገባበትም ይታወቃል። እሌኒ የመርጡለ ማርያምን ቤተ ክርስቲያን አሠሩ። አልቫሬስ እንደሚለው፣ መንበሩ እንዴት እንደሚሠራ እንዲያሳይ አገር ውስጥ ይኖር የነበረውን ፖርቱጋላዊ ፔሮ ዳ ኮቪልያን ወደዚያ ላኩት፤ መንበሩ ከእንጨት ተሠርቶ በወርቅ ተሞላ። የተቀበሩትም እዚያው ነው። ሲሞቱ ታላቁም ታናሹም አባትና እናታችንን አጣን፣ የሚጠብቀን ሄደ እያለ ያለቅስ እንደነበር ይኸው ቄስ መዝግቧል።

ቤተ ክርስቲያኑ በግራኝ አሕመድ ጦርነት ጊዜ ተቃጠለ፤ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ኢየሱሳውያን በቦታው እንደገና ሠሩ፣ ያም ፈርሶ ግድግዳው ከነሐረጉ እነብሴ ላይ ቆሟል። የትምህርት ቤቶቻችን ጉዞ ሁልጊዜ ወደ ጎንደር ነው። ከጫግኒ ተነሥቶ በእንጅባራ፣ በቡሬና በደብረ ማርቆስ፣ ቢቸናን አልፎ መርጡለ ማርያም የሚደርስ መንገድ አለ፤ የሚቀጥለው ዓመት ተማሪዎች በዚያ እንዲሄዱ አጥብቄ እጠይቃለሁ።