ከቦንጋ ጫካ እስከ ምጽዋ ወደብ፦ የኮረሪማ፣ የማርና የኮምጣጤ መንገድ

ሰሞኑን በየስልካችን ከሚዘዋወሩት የቤት ውስጥ መድኃኒቶች አንዱ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ቀይ ሽንኩርትና ቃሪያ በኮምጣጤ ተዘፍዝፎ፣ ከተጠለለ በኋላ ማር የሚጨመርበት የሚያቃጥል መጠጥ ነው። ጉንፋን የያዘው ሰው በማንኪያ ይወስደዋል። አሜሪካኖቹ «ፋየር ሳይደር» ይሉታል። ሮዝሜሪ ግላድስታር የተባሉ የዕፅዋት መድኃኒት መምህርት በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ለተማሪዎቻቸው ያስተማሩት ነው፤ ማንም ይሠራው፣ ማንም በዚያ ስም ይሸጠው ነበር። በ2012 አንድ ድርጅት ስሙን በንግድ ምልክትነት አስመዘገበና ሌሎቹን «ስሜን አትንኩ» አለ። ነገሩ ማሳቹሴትስ በሚገኝ የፌዴራል ፍርድ ቤት ቀርቦ በ2019 ስሙ የወል ነው ተባለ።

ታዲያ ይህ ከካፋ ጋር ምን አገናኘው? ካፋ መጠጡን ፈጠረች ልል አይደለም። ማርና ኮምጣጤ ማዋሐድ እጅግ የቆየ ነገር ነው። ግሪኮች ይሠሩት ነበር፤ ፋርሶች ኮምጣጤንና ማርን በሚሉ ሁለት ቃላት «ሰከንጀቢን» ብለው ጠሩት፤ በሙስሊም ሐኪሞች እጅ ገብቶም ከዋነኞቹ መድኃኒቶች አንዱ ሆነ። ኢብን ሲና ስለዚህ መጠጥ ብቻ አንዲት አጭር መጽሐፍ ጽፏል፤ በ16ኛው ክፍለ ዘመን በላቲን ተተርጉማ አውሮፓ ታትማለች። እኔ የምለው ሌላ ነው፦ መጠጡን የሚያሞቀውና የሚያጣፍጠው ነገር ከእኛ ጫካ ወጥቶ በእኛ ሰዎች ትከሻ ወደዚያ ዓለም ይጓዝ ነበር። ያን ግን ብዙዎቻችን አናውቀውም።

ከጅማ በስተደቡብ ምዕራብ ያለው የካፋ ጫካ ቡናው ስሙን ሸፍኖበታል እንጂ የቅመም ቤት ነው። ኮረሪማው ከዛፍ ሥር ጥላ ላይ ይበቅላል። ጥምዙ ግንድ ላይ ይሳባል። ቀፎው ረጅም ዛፍ ላይ ይሰቀላል፤ ገተማ የሚባለው ዛፍ ሲያብብ የሚቆረጠው ነጭ ማር እስከ ዛሬ ስሙ የታወቀ ነው። የካፋ መንግሥት ራሱን ችሎ በነበረበት ዘመን ቦንጋ የነጋዴዎች መናኸሪያ ነበረች። በካፋ «ነጋዶ» የሚባሉት ሙስሊም ነጋዴዎች እዚያ ይኖሩ፣ ከሰሜን የሚወርዱትም ጀበርቲዎች እዚያ ይደርሱ ነበር። ፈረንሳዊው አንቷን ዳባዲ በ1843 ቦንጋ ሲገባ የተከተለው ይህንኑ የነጋዴ መንገድ ነው።

መንገዱ ወደ ጅማ፣ ከዚያ ሊሙ እናርያ ወዳለው ሰቃ ገበያ ይወጣል፤ ዓባይን ተሻግሮ ጎጃም ባሶ ይደርሳል፤ ጎንደርን አልፎ ምጽዋ ወደብ ያበቃል። እንግሊዛዊው ቻርልስ ቢክ በ1840ዎቹ መጀመሪያ ጎጃም ተቀምጦ እንደመዘገበው ኮረሪማ ከዓባይ ማዶ ባሶ ገበያ ይመጣና በምጽዋ በኩል ወደ ዐረቢያና ሕንድ ይጫን ነበር። ዐረቦቹ «ሄል ሐበሺ» ይሉታል፤ የሐበሻ ሄል ማለት ነው። ፍሬው እንዲደርቅ ተበስቶ በክር ይሰካል። ባሕር ማዶ ታዲያ አንዳንድ ዐረቦች ያን የተሰካ ኮረሪማ እንደ ተስቢሕ ይቆጥሩበት እንደነበር የዘመኑ የመድኃኒት ሊቃውንት ጽፈዋል። እስኪ አስቡት፤ ከሐበሻ ጫካ የወጣ ፍሬ በአንድ ሽማግሌ ጣቶች መሐል፣ ከሱብሒ በኋላ።

ይህን መንገድ ስናወሳ ግን ግማሹን ብቻ ማውራት ተገቢ አይደለም። ከኮረሪማው፣ ከዝሆን ጥርሱና ከዝባዱ ጎን በዚያው መንገድ ሰው ይነዳ ነበር። ከካፋና ከአካባቢው ስንቱ በባርነት ተወስዶ ምጽዋ ላይ ተጭኗል። ከሻጮቹም ከገዢዎቹም መካከል ሙስሊሞች ነበሩ። ቅመሙን ያሸተተ ታሪክ ሰንሰለቱንም መስማት አለበት።

በ1897 የምኒልክ ጦር በራስ ወልደ ጊዮርጊስ መሪነት ካፋን ያዘ፤ የመጨረሻው ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ ተማርከው ተወሰዱ። አገሩ በጦርነቱ ተራቆተ። የቦንጋም የቀድሞ ገበያነቷ ደበዘዘ።

ወደ ኮምጣጤው ልመለስ፤ ለእኛ ቤት ዋናው ጥያቄ እዚህ ላይ ነውና። በማር አገር ክርስቲያኑ ጠጅ ሲጥል ለሙስሊም እንግዳ ያልፈላ ብርዝ ይቀርብለታል። ብርዝ ደግሞ ቶሎ ካልተጠጣ ይፈላል፤ ያሰክራል፤ አየር እያገኘ ሲቆይ ኮምጣጤ ይሆናል። ኮምጣጤ የሚባል ነገር ሁሉ ይህን የስካር ደረጃ አልፎ የሚመጣ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ቤት ውስጥ ከኮምጣጤ ሌላ ማባያ በጠፋ ቀን በእሱው በልተው እንዳመሰገኑት ጃቢር (ረ.ዐ.) ያወሩት ሐዲሥ በሶሒሕ ሙስሊም አለ። በዚያው ኪታብ ደግሞ ኸምርን ኮምጣጤ ስለማድረግ ተጠይቀው እንደከለከሉ ተዘግቧል። ዑለማዎቹ በራሱ ጊዜ ኮምጣጤ የሆነው ሐላል እንደሆነ ተስማምተዋል። ሰው ሆን ብሎ ሲለውጠው ግን ሐነፊዮች ይፈቅዳሉ፤ ሻፊዒዮች አንዳች ነገር ተጨምሮበት ከተለወጠ አይጠራም ይላሉ። በአገራችን ሁለቱም መዝሀቦች አሉ። ስለዚህ ብርዝ አስቀምጦ ራሱ ኮምጣጤ መሥራት የሚፈልግ ሰው በቅርቡ ያሉትን ዓሊም ይጠይቅ። ያለቀለት ኮምጣጤ ገዝቶ ቅመም መዘፍዘፍ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ እዚያ የሚፈላ ነገር የለም።

አሠራሩ ቀላል ነው። አንድ የመስታወት ማሰሮ ግማሹን በተከተፈ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና ቀይ ሽንኩርት ሙሉት፤ አንድ ሁለት ቃሪያ፣ አምስት ስድስት የተሰነጠቀ ኮረሪማ፣ ካገኛችሁ ሁለት ፍሬ ጥምዝ ጨምሩ። ኮረሪማውን ሳይፈለፈል ከነልባሱ ግዙት፤ ፍሬው ተፈልፍሎ የተቀመጠ ሽታው ይጠፋል። አቼቶው ሁሉንም እስኪሸፍን ይፍሰስበት። ክዳኑ ብረት ከሆነ ኮምጣጤው ስለሚበላው ከሥሩ ወረቀት አድርጉ። ከ3 እስከ 4 ሳምንት ጨለማ ቦታ ይቀመጥ፤ በየቀኑ ነቅነቅ አድርጉት። ከዚያ በነጠላ አጥልሉና እንደ ፍላጎታችሁ ማር ጨምሩበት።

ጉሮሮ ያለሰልሳል፣ ያሞቃል። ወባን ግን አያድንም። በቆላው ትኩሳት የያዘው ሰው ማንኪያውን አስቀምጦ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ጨጓራ ያለበት ይተወው፤ ሌላውም ውኃ ቀላቅሎ ይጠጣው፣ ብቻውን ጥርስ ይጎዳል። ማር ስላለበት አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ፈጽሞ አይሰጥም።